ደጅ የተረጨበት ዕለት

ድሬ ላይ ፀሐይ ያለ ፈቃድ ትወጣለች፤ ሰው ግን በፈቃድ ነው የሚወጣው። ለእያንዳንዱ ነዋሪ፣ ሙቀቱ እንዳይጥለው፣ በቀን ሃያ የደጅ ደቂቃ ብቻ ይሰጠዋል። ደቂቃው ግራ እጁ ላይ በታሰረው አምባር ውስጥ ይቀመጣል፤ የሕንፃው በር ተከፍቶ እግሩ አስፋልት ሲነካ መቀነስ ይጀምራል፣ ተመልሶ ሲገባ ይቆማል። ያልተጠቀመበትን ማጠራቀም ይችላል። ሙሽራ ለፎቶ የምትወጣው ዘመድ አዝማድ ባዋጣላት ደቂቃ ነው። ዕድርም ገንዘብ መሰብሰብ ትቶ ደቂቃ መሰብሰብ ከጀመረ ቆይቷል። ሰው ሲሞት ለቀባሪው ከዕድሩ ደቂቃ ይታደለዋል፤ መቃብር ድረስ ሄዶ፣ አፈር መልሶ፣ ራሱን ሳይስት ይመለሳል። ደቂቃ ያለቀበት ዕድር ሟቹን የሚሸኘው በመስኮት ቆሞ ነው። በዚህ የሚገረም ሰው ከተማው ውስጥ አሁን የለም።

ነጃት ሸረፋ የጥላ ቢሮ ሠራተኛ ናት። ቢሮው የከተማውን ጥላ ይለካል፣ ይጠብቃል፣ ሲያስፈልግም ያከራያል። የሥራ መደቧ «የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ» ይባላል። በከተማው የቀረው መናፈሻ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ሥራዋን ሲጠይቃት ትንሽ ታፍራለች። እሱም ቢሆን መናፈሻ የተባለው ለስሙ ነው። ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ ዳር፣ በአራት ረጃጅም ሕንፃዎች መሃል የተዘረጋ ሜዳ ሲሆን፣ የደረቁ የኒም ዛፎች፣ አሸዋ የሞላው ፏፏቴና ሰንሰለቱ የተበጠሰ ዥዋዥዌ አለበት። አራቱም ሕንፃዎች ጀርባቸውን ሰጥተውታል። ሕንፃ ደግሞ የሚተነፍሰው በጀርባው ነው። ከእልፍ ኤሲ የሚወጣው ትኩስ አየር ቀንም ሌሊትም እዚያ ሜዳ ላይ ይራገፋል።

ከተማው ለዚህ ሜዳ ሌላ ሐሳብ ነበረው። ዙሪያውን በብረት አጥሮ፣ ከላይ ከድኖ፣ አዲስ የሚሠሩት ሕንፃዎች ሁሉ ትኩስ አየራቸውን በቱቦ የሚያመጡበት «ትንፋሽ ሜዳ» ሊያደርገው ነው። የቀረው አንድ ፊርማ ነበር። ሕጉ ግን የሕዝብ መናፈሻ ከመዘጋቱ በፊት እንደገና ተነድፎ ይሞከር፣ ሙከራውም ሁለት ጊዜ ይሁን ይላል። ፈተናው ሲሰሙት ቀላል ነው፤ በግንቦት ወር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሰው በተቀመጠበት፣ መግቢያው ላይ የተተከለው የሙቀት ሰሌዳ ከአርባ ዲግሪ በታች ማሳየት አለበት። ሰሌዳው ከተተከለ ጀምሮ አርባን አይቶ አያውቅም።

ነጃት መናፈሻው እንዳይዘጋ የጨነቃት ለእንጀራዋ ብላ አልነበረም፤ ቢሮው ሌላ ወንበር አያጣላትም። ያስጨነቃት የእናቷ ነገር ነው። ሰኪና በገንደ ቆሬ ሰፈር ዘመኗ አፏ የማያርፍ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን የምትጠራ፣ የምትሰድብ፣ የተጣላውን የምታስታርቅ ሴት ነበረች። ቤታቸው ፈርሶ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ከገቡ ወዲህ ግን «እሺ»፣ «በቃኝ»፣ «አልሐምዱሊላህ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም። ቤቱ ራሱ በተለሳለሰ ድምፅ «ወይዘሮ ሰኪና፣ ሙቀቱ ተስማምቶዎታል?» እያለ ያናግራታል፤ እሷ አትመልስለትም። ሐኪም አያትና ምንም አላገኘባትም። የደጅ ደቂቃዋን ነክታው አታውቅም። አንድ ጊዜ ነጃት ለምን እንደማትወጣ ብትጠይቃት፣ «የማን ደጅ ልሄድ?» ብላ ዝም አለች። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ግን መስኮቱ ጋ ቆማ ያንን ባዶ ሜዳ ቁልቁል ታየዋለች። ሜዳው በብረት የተከደነ ቀን እናቴም አብራ ትከደናለች ብላ ነጃት ትሰጋ ነበር፤ ስጋቱ እንቅልፍ ነስቷታል።

የመጀመሪያው ንድፏ የተሳካ ይመስል ነበር። እያንዳንዳቸው የመስታወት ቆብ የደፉ፣ ለተቀመጠባቸው ሰው ብቻ ቀዝቃዛ አየር የሚተነፍሱ ወንበሮች በመስመር አስተከለች። ወንበሩ ስትቀመጥበት ክብደትህን ያውቃል፣ ስምህን ከአምባርህ አንብቦ ሰላም ይልሃል። የቢሮው ኃላፊ ይልቃል ንድፉን በጣም ወደደው። ይልቃል ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ታላቁን ሁሉ «እርስዎ» የሚል ሰው ነው። ድሬ በገባ ሰሞን የጽዳት ሠራተኛዋ «አንተ፣ እግርህን አንሳ» ስትለው ሦስት ቀን ኩርፊያ ይዞት ነበር። አሁን ለምዶታል፤ ወይም እንደለመደ ሰው ሆኖ መኖርን ተምሯል።

የሙከራው ዕለት ማታ በሮቹ ተከፈቱ። ከወንበሮቹ ውስጥ የሚወጣው ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ፤ እባክዎ ይቀመጡ» ይላል። ሕዝቡ ወርዶ ነበር፤ ምድር ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ነገር ግን ሁሉም ከመስታወቱ ጀርባ ቆሞ ወንበሮቹን ያያል እንጂ የሚወጣ አልነበረም።

«ምንድነው የሚጠብቁት?» አለ ይልቃል፣ ላቡን እየጠረገ።

«እኔ እንጃ።»

«ቀዝቃዛ ነው፣ ነፃ ነው፣ ያምራል። ምን ጎደለ?»

«እኔ እንጃ አልኩህ እኮ አቦ!»

«እንግዲያው አንቺ ተቀመጪ። አንቺን ካዩ ይመጣሉ።»

ነጃት ወደ አንደኛው ወንበር ሄደች። ልትቀመጥ ጎንበስ አለችና መልሳ ቀና አለች። ወዲያ ወዲህ ተገላመጠች። እንደገና ጎንበስ ብላ እንደገና ቀና አለች። ፊቷ እሳት ሆነ። የገዛ እጇ የነደፈው ወንበር ነው፤ የብሎኑን ቦታ ሳይቀር ታውቀዋለች፤ ግን መቀመጥ አልሆንላት አለ። ምን እየፈለገች እንደምትገላመጥ የገባት ያኔ ነው። የወንበሩን ባለቤት ነበር የምትፈልገው።

ድሬ ውስጥ ሰው ደጃፍ ላይ ሳይጠሩ መቀመጥ ነውር ነው። ሰው በደጅህ ሲያልፍ አለመጥራት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር ነው። በድሮው ሰፈር ፀሐይዋ በረድ ስትል ሁሉም ደጁን ውሃ ረጨት ረጨት አድርጎ፣ ሰሌኑን አንጥፎ ወይ በርጩማውን አውጥቶ ይቀመጣል። ከዚያ ጥሪው ይጀመራል። «ና እንጂ! የት ልትሄድ ነው? አረፍ በል!» ይባላል። ሱቅ የተላከ ሰው መንገዱ ላይ መሽቶበት ስኳሩን ሳይገዛ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነበር። ይህ ወግ ከሰፈሩ ጋር የፈረሰ መስሏት ነበር፤ ጉልበቷ ግን አልረሳውም። የመንግሥት ወንበር የማንም ደጅ አይደለም፤ የማንም ደጅ ካልሆነ ደግሞ የሚጠራ የለም። ካልጠሩት ማን ይቀመጣል?

ሰሌዳው አርባ ስድስት አሳየ። ሙከራው ባዶ ወንበሮች ይዞ ወደቀ። ነጃት ግን እዚያው ቆማ ሳቀች፤ ይልቃል የበረሃው ሙቀት ጭንቅላቷን የነካው መስሎት ደነገጠ።

«ማንም አልጠራቸውም» አለችው።

«ድምፁ እየጠራቸው አይደል እንዴ? 'እባክዎ ይቀመጡ' ይላል።»

«ድምፁ ደጅ የለውማ ይልቃል! ደጅ የሌለው ማንን ይጠራል?»

በማግስቱ ወንበሮቹን አስነቀለች። ከዚያ ወደ ብርቄ ሄደች።

ብርቄ ተሰማ የዕድሩ ሊቀመንበር ናት፤ የሕንፃው ምድር ቤት ያለው የዕድር መጋዘን ቁልፍ ከአንገቷ አይለይም። መጋዘኑ ውስጥ ድንኳን አለ፣ ብረት ድስት አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ። ከሁሉም ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ የድሮ የቆርቆሮና የብረት በሮች ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ከተማው ለቤቱም ለግቢውም ካሳ ከፈለ፤ ሰዉ ግን ሌላውን ሁሉ ትቶ በሩን ነቅሎ ይዞ መጣ። ሠላሳኛ ፎቅ ላይ የቆርቆሮ በር ምን እንደሚሠራ የጠየቀም የመለሰም አልነበረም። ሊያወጡት ቢሉ መጣያ ቦታ ጠፋ፤ ሊጥሉት ቢሉ አንጀታቸው እምቢ አለ። ዕድሩ አስቀመጠላቸው።

«ብርቄ፣ እነዚህን በሮች ስጪኝ» አለች ነጃት።

«ለምን? ልትሸጫቸው ነው?»

«መናፈሻው ውስጥ ላቆማቸው ነው። ግድግዳ የለ፣ ጣሪያ የለ፤ በርና ደጃፍ ብቻ። ሁሉም የራሱ ደጅ ይኖረዋል፤ ባለደጅ ከሆነ ይጠራል፤ ከጠራ ሰው ይቀመጣል።»

ብርቄ ቁልፉን ከአንገቷ እያወለቀች «አንቺ ልጅ» አለች፣ «እናትሽ አፏ ቢዘጋ ጊዜ ዕብደቷን ለካ ላንቺ አውርሳለች።» ከዚያም ሰማያዊውን በር ነክታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የሷ በር ነው።

ውሃው ቀረ። የሚጠጣ ውሃ መሬት ላይ ማፍሰስ በድሬ ከባድ ወንጀል ነው። ነጃት ግን ሰው በታሸገ ሕንፃ ውስጥ ሲኖር ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ይተነፍሳል፣ ያልበዋል፣ ወጥ ይሠራል፣ ያለቅሳል፤ ኤሲው ያንን እርጥበት ሁሉ ከአየሩ እየመጠጠ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ ያደርገዋል። የሕንፃ ላብ ይሉታል። አይጠጣም፣ አይታጠቡበትም፣ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። ሕጉ ስለ ላብ የሚለው የለም፤ ሕግ አውጪው ሰው የገዛ ላቡን መልሶ ይመኛል ብሎ አላሰበም። ነጃት እያንዳንዱ ቤት የኤሲውን ቱቦ ጀሪካን ውስጥ እንዲከት ነገረች። በአንድ ሳምንት ኮሪደሩ ሁሉ ጀሪካን ሆነ፤ ሰው ያለፈ ሳምንት ትንፋሹን በቢጫ ዕቃ ሞልቶ ደጁ ላይ አሰለፈው።

ይልቃል አዲሱን ንድፍ እያገላበጠ አየው።

«ቤት የሌለው በር» አለ በመጨረሻ። «ወንበር የሌለው መናፈሻ። በላብ የሚረጭ። ይህን ለበላይ እንዴት ነው የማስረዳው?»

«አታስረዳ። ፈርም።»

«ነጃት፣ ይህ ሁለተኛው ሙከራ ነው። ሦስተኛ የለም።»

«አውቃለሁ። አንተ ወንበሮቹን ወደሃቸው ነበር አይደል? ተቀምጠህባቸዋል?»

ይልቃል አሰበ። አልተቀመጠም ነበር። ፈረመ።

አሁን የቀረው ከባዱ ነገር ነበር። ደጅ ለማስተካከል፣ በር ለማቆም፣ ለመርጨት፣ ተቀምጦ ለመጠራራት ሃያ ደቂቃ ለማንም አይበቃም። ያ ሁሉ ሰው ያን ያህል ደጅ እንዲውል የዕድሩ ደቂቃ ካዝና መከፈት አለበት፤ እሱ ደግሞ የቀብር ደቂቃ ነው። ዕድርተኛው በአሥራ ሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር ተሰበሰበ። ነጃት ሐሳቧን ስትጨርስ ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ። ኡመር ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ «አዴ»፣ እናት፣ የሚላት የሀሊማ ልጅ፤ እናቱ አልጋ ላይ ከዋለች ወራት ሆኗታል።

«እኔ አልስማማም» አለ። «እናቴ ዛሬ ናት ነገ ናት። ደቂቃውን ለመናፈሻ በትናችሁ ሀሊማን በመስኮት ልትሸኙልኝ ነው? የሁላችሁንም ልጅ በጀርባዋ ያዘለች ሴት ናት አቦ! ማን ነው አፈር የሚያለብስልኝ?»

ብርቄ አንገቷን ደፋች፤ እውነቱን ነውና ምን ይባላል። እናቴን ላድን ብዬ የሰው እናት ቀብር ልወስድ ነው ወይ የሚል ሐሳብ ነጃትን ልቧን ወጋት። «ይቅር እንግዲያው» ልትል አፏን ከፈተች።

«የኔን ውሰዱ።»

ሁሉም ዞረ። ሰኪና ግድግዳውን ይዛ ቆማ ነበር። ወደ ስብሰባው ይዛት የመጣችው ነጃት ናት፤ ሰዉ እንደ ዕቃ ለምዷት መኖሯን ረስቶታል።

«አሥራ አንድ ዓመት ያልነካሁት ደቂቃ አለኝ» አለች። ድምፅዋ ዝገት ነበረበት። «ለሀሊማ ይቀመጥ። ቀኗ ሲደርስ አገር ምድሩ ወጥቶ ይሸኛታል። ለኔ ላንድ ምሽት የሚበቃኝን አስቀሩልኝ።» ከዚያ ኡመርን አየችው። «አንተ ግን፣ እናትህ ሳትሞት ለቅሶ ተቀምጠሃል። አታፍርም?»

ኡመር ያልጠበቀው ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ ውስጥ እንባም ነበረበት። ካዝናው ተከፈተ።

በግንቦት መጨረሻ ሳምንት፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የአራቱም ሕንፃዎች በር ተከፍቶ ሰው ወጣ። በሮቹ ቀድመው ቆመዋል። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ የዛገ፣ አንዱ ላይ «ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፤ ውሻውም ቤቱም ከጠፉ ዘመን ሆኗል። ነጃት ያቆመቻቸው እንደ ድሮው ሰፈር ተራቸው ነው፤ ማን ከማን ጋር ይጎራበት እንደነበር ብርቄ በቃሏ ነግራታለች፤ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ እንደነበርም ጨምራ። ሰሌዳው አርባ ሰባት ይላል። ይልቃል ከሰሌዳው ሥር ቆሟል፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል።

የመጀመሪያዋን ውሃ የረጨችው ብርቄ ናት። መሬቱ «ሽሽሽ» ብሎ ጠጣው። ከዚያ የረጠበ አፈር ሽታ ተነሳ። ሰዉ ጀሪካኑን እንደያዘ ቆመ። የዚህን ሽታ ስም የረሱ ነበሩ፤ ጭራሽ የማያውቁትም ነበሩ። አንድ ትልቅ ሰው አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሁሉም መርጨት ጀመረ፤ በእጁ፣ በጣሳ፣ በቆርቆሮ። ሰሌን ተነጠፈ፣ በርጩማ ወጣ፣ ሰዉም ይጠራራ ጀመር።

«ና እንጂ አንተ! ከመቼ ወዲህ ነው በደጄ ሰላም ሳትል የምታልፈው?»

«አንቺ፣ ያንን ምንጣፍ ወዲህ ሳቢው፤ የኔ ደጅ ይሻላል፣ ጥላ አለው።»

«የቱ ጥላ? ጥላ አለኝ ትያለሽ እንዴ ደግሞ!»

ሰሌዳው ወረደ። አርባ አምስት፣ አርባ ሦስት። ነጃት ከደጅ ደጅ ትሮጣለች፤ ደርቆ የታያትን ታስረጫለች። አርባ ሁለት ሆነ። ፀሐይዋ ከሕንፃዎቹ ኋላ ወደ ተራራው ተጠጋች። አርባ አንድ ሆነ። እዚያ ላይ ቆመ።

ረጩ፤ አልወረደም። ደግመው ረጩ፤ እንዳለ ነው። ጀሪካኖቹ እየቀለሉ ሄዱ። ነጃት ቀና ብላ ስታይ ምክንያቱ ገባት። ከታች የሚቀዘቅዘውን አየር ከላይ የአራቱ ሕንፃዎች ትኩስ ትንፋሽ እየተጫነው ነው። ዕድርተኛው ቢወጣም ሕንፃዎቹ ውስጥ ያለው ሌላ ሰው ከዚህ እጅግ ይበዛል፤ የሌላው ሰፈር፣ የሳቢያኑ፣ የከዚራው፣ የመጋላው ሰው በየፎቁ መስታወት ላይ ተለጥፎ ቁልቁል ያያል። ቤት ውስጥ ሰው እስካለ ኤሲው ይሠራል፤ ኤሲው እስከሠራ ሕንፃው ይተነፍሳል።

ይልቃል ሰሌዳውን አየ፣ ፀሐይዋን አየ፣ ነጃትን አየ። ራሱን ነቀነቀ። በሐዘን ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም።

ነጃት እናቷ ደጃፍ ሄዳ ተቀመጠች።

«አልሆነም እማ» አለች። «የቻልኩትን ያህል ሞከርኩ። ደቂቃቸውን የሰጡኝን ሰዎች ምን እላቸዋለሁ? ከላይ ያለው ካልወረደ አይሆንም።»

ሰኪና ወደ ላይ አየች። በመስታወቱ ጀርባ ያለውን ሰው ፎቅ በፎቅ አየችው። ከዚያ በርጩማዋን ገፋ አድርጋ ተነሳች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዘይነባ! አንቺ ዘይነባ!»

ድምፁ ከአራቱ ሕንፃዎች ጋር ተላትሞ ተመለሰ። ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅስ የነበረው ያ ድምፅ ነው።

«እዛ ላይ ተንጠልጥለሽ ምን ታያለሽ? ፊልም መሰልንሽ እንዴ? ውረጂ! ደጄ ተረጭቷል! አንተ የባለ ቀይ ቀሚሷ ባል፣ አዎ አንተ! ወዲያ ወዲህ አትይ! አምስተኛ ፎቅ ያላችሁት፣ እናንተስ ምን ሆናችኋል? እናታችሁ አልጠራችሁም እንዳትሉ፤ እኔ ጠራኋችሁ! ኑ፣ ውረዱ፣ አረፍ በሉ!»

መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍም። ነገር ግን አየር የሚያስወጣ ቱቦ ሁሉ ድምፅ ማስገባት ይችላል። ሰዎቹ በኋላ እንደተናገሩት፣ የሰኪና ስድብ በኤሲው ቀዳዳ ገብቶ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰማ። ከጣሪያው የሚመጣው ድምፅ ሁልጊዜ «እባክዎ» ሲላቸው የኖረ ነው፤ ያን ቀን «ውረዱ!» አላቸው። አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ ነጠላውን ፈለገ። ዘይነባ የምትባል ሴት ለካ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ብቻ በየፎቁ ሞልታለች፤ ሁሉም ዘይነባዎች እኔን ነው ብለው ወረዱ።

በሮቹ ተከፈቱ፤ የሚወጣው ሰው አላልቅ አለ። ደጅ ያለው ሁሉ እየተነሳ ይጠራል። «እዚህ! እዚህ ቦታ አለ! አንተ የማን ልጅ ነህ? ይሁን፣ የማንም ልጅ ሁን፣ ተቀመጥ!» የተጠራው ይቀመጣል፤ የተቀመጠው በተራው ሌላውን ይጠራል።

መጀመሪያ ያስተዋለው ማን እንደሆነ አይታወቅም። አንድ የለመዱት ነገር ጎደለ። ኤሲ ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ራሱን ያጠፋል፤ ለመብራት ቁጠባ ተብሎ እንደዚያ ነው የተሠራው። ግን ቤት ባዶ ሆኖ ስለማያውቅ ማንም ሲጠፋ ሰምቶት አያውቅም ነበር። አሁን ሠላሳኛው ፎቅ ዝም አለ። ሃያ ስምንተኛው ዝም አለ። ከላይ ወደ ታች፣ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው፣ ያ የሰው ሁሉ ጆሮ የለመደው ጉምጉምታ እየከሰመ መጣ። በመጨረሻ አራቱም ሕንፃዎች ትንፋሻቸውን ዋጡ። ደቻቱ ላይ ጸጥታ ወረደ፤ በጸጥታው ውስጥ ከተራራው በኩል ነፋስ መጣ። እውነተኛ ነፋስ ነበር፤ ማንም ያልላከው። የረጠበውን መሬት አልፎ ሰዉን ነካው።

አርባ አንድ የነበረው አርባ ሆነ። ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ።

እልልታው ሊጀመር ሲል የሁሉም ሰው አምባር ባንድ ጊዜ ጢን ብሎ ጨለመ። ሰዉ ደነገጠ። ደቂቃችን አለቀ፣ ተወረሰ፣ ተቀጣን የሚል ጩኸት ተነሳ። ኡመር የገዛ እጁን ይዞ እንደ ድንጋይ ቆመ። «የእናቴ ደቂቃ!» አለ። «የእናቴ ደቂቃ ሄደ!»

ያን ጊዜ ይልቃል ከሰሌዳው ሥር ወጣ። ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቶታል። ድሬ በገባ ሰሞን የሚያናግረው ሰው አጥቶ የደጅ ፈቃድ ሕጉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦት ነበር፤ እሱን ሌላ ሰው ያነበበው አይመስልም።

«አልሄደም!» ብሎ ጮኸ። ሲጮህ ያየው ሰው የለም፤ ለራሱም አዲስ ሆነበት። «አልሄደም! ፈቃዱ የሚሠራው ከአርባ በላይ ብቻ ነው! ከአርባ በታች አምባሩ አይቆጥርም! ያላችሁ ሁሉ እንዳለ ነው፤ መቁጠሩን ነው የተወው! ማንም አይቆጥርባችሁም! ተቀመጡ! እስከፈለጋችሁ ተቀመጡ!» ከዚያ ድምፁ ሰለለ። «አልፋችኋል» አለ። «መናፈሻው አይዘጋም።»

እልልታው ያን ጊዜ ነው የወጣው። ብርቄ በሰማያዊ በሯ ፊት ዘለለች፤ በዕድሜዋ የማይመከር አዘላለል ነበር። ነጃት እናቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም እየሳቁ አለቀሱ፤ ሰኪና ግን ማልቀሱ ከመሳደብ አላገዳትም፤ «ልቀቂኝ እስቲ፣ እንግዳ አለብኝ» እያለች አዲስ የወረዱትን ትጠራለች።

ነጃት ቀና ስትል ኡመር ከቆመበት የለም። ወደ ሕንፃው እየሮጠ ነው። ሊፍቱን አልጠበቀም፤ ደረጃውን ያዘ። ብዙ ቆይቶ ሲመለስ አራት ሰዎች የተሸከሙት አልጋ አብሮት ነበር። ሰዉ አልጋውን ሲያይ ሀሊማ የሞተች መሰለው፤ አንዳንዱ በልማድ ነጠላውን አዘቀዘቀ፣ ሁሉም መንገድ ለቀቀ።

ኡመር ግን ፊቱ በላብና በሳቅ ርሷል። «ቦታ ልቀቁ!» ይላል። «ቦታ ልቀቁ አቦ፣ እናቴ ናት፣ ልትቀመጥ ነው!»

አልጋውን ሰኪና ደጃፍ ላይ አሳረፉት። አዴ ሀሊማ ትራስ ተደግፋ ቀና አለች። ከአጥንትና ከዓይን በቀር የቀራት ነገር አልነበረም። ዓይኗ በሮቹን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ጨለም ያለውን ሰማይ አየ። እጇን አልጋዋ ዳር ሰድዳ መሬቱን ዳሰሰች። ሁሉም ምን ልትል ነው ብሎ ጠበቀ።

«ሰኪና» አለች።

«አቤት ሀሊማ።»

«እዚህ ጋ ደርቋል። ጨምሪበት።»